አባቴ "ኩባን በቤዝቦል ማንም አይችላትም" ይላል፤ እውነት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ እዚህ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነውና አትሳቁብኝ። አባቴ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እኔ ጋር ነው የሚኖረው። በልጅነቱ ኩባ ሄዶ የተማረ ሰው ነው፣ የወጣቶች ደሴት የሚባለው ቦታ። እንግሊዝኛው ይህን ያህል አይደለም፤ ስፓኒሹ ግን ውሃ ነው። ማታ ማታ በስፓኒሽ ቻናል ቤዝቦል ያያል። አሜሪካ 14 ዓመት ኖሬ ያልገባኝን ጨዋታ እሱ ቡናውን ይዞ ይተነትንልኛል፤ ወርዋሪው ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር ሳይቀር ቀድሞ ይናገራል፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ችግሩ "ኩባን በቤዝቦል ማንም አይችላትም" ማለት ያበዛል። ባለፈው ላጣራ ብዬ ስፈልግ በ2023 በወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ (የአገሮች ውድድር ነው) ግማሽ ፍጻሜ ላይ አሜሪካ ኩባን 14 ለ 2 እንደረታች አነበብኩ። 14! አሳየሁት። ስልኩን አየት አደረገና "ይሄ ቡድን አይደለም" ብሎ ወደ ቲቪው ዞረ። የተቀየመኝ መሰለኝ፣ እራቱንም በቅጡ አልበላም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። እንደሚለው ነበሩ ወይስ የልጅነት ትዝታ ሆኖበት ነው? ከነበሩስ ምን ነካቸው? ዓመቶቹን በፈረንጅ ጻፉልኝ፣ አለዚያ ይምታታብኛል።

ቶሮንጃ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ አባትህን ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ ይህን አንብብለት።

እኔም የዚያው ደሴት ልጅ ነኝ። በ1979 ከተወሰዱት ውስጥ ነበርኩ፤ አብዛኞቻችን አባቶቻችን ኦጋዴን ላይ የቀሩብን ልጆች ነን። ቶሮንጃ በስፓኒሽ ግሬፕፍሩት ማለት ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የቶሮንጃ እርሻ ነበር ሕይወታችን፤ እስካሁን ሽታው ከእጄ የለቀቀ አይመስለኝም። ቤዝቦልን እነሱ ፔሎታ ነው የሚሉት። ኳሳችን በጨርቅ ተጠቅልላ በፕላስተር የታሰረች ነበረች፣ ዱላችን የዘይቱን እንጨት፣ ሯጩ የሚረግጠው ቤዝ ደግሞ የአንዱ ልጅ ጫማ። እኛ የገና ጨዋታ ስንጫወት ያደግን ስለሆንን መምታቱ አልከበደንም። የከበደን መትቶ ዱላውን መጣል ነው። ይዘነው እንሮጣለን! ኩባዊው መምህራችን ሆዱን ይዞ ሲስቅ አሁንም ይታየኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አባትህ አልዋሸም። የኩባ ብሔራዊ ቡድን የዓለም ዋንጫን 25 ጊዜ ወስዷል፤ የመጀመሪያውን በ1939፣ የመጨረሻውን በ2005። የፓን አሜሪካ ጨዋታዎችን ከ1971 እስከ 2007 ድረስ 10 ጊዜ በተከታታይ፣ አንድም ሳያስነካ። ከ1987 እስከ 1997 ደግሞ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች 151 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄዷል። እስቲ አስበው፣ አሥር ዓመት! በመጨረሻ ጃፓን ናት ባርሴሎና ላይ 11 ለ 2 አሸንፋ ያቆመችው።

ኦሎምፒክ ላይ ቤዝቦል በሜዳሊያ የገባው በ1992 ነው። ከዚያ በፊት በ1984ና በ1988 ለትርኢት ያህል ነበር፣ ኩባም ሁለቱንም አልሄደችም። እኛም አልሄድንም፣ አድማው የጋራ ነበር። ባርሴሎና ላይ ሁለታችንም ተመለስን። ደራርቱ 10 ሺህ ሜትሩን በወሰደችበት ኦሎምፒክ እነሱ ታይዋንን 11 ለ 1 አድርገው ወርቁን ወሰዱ። በአትላንታው ፍጻሜ ጃፓንን 13 ለ 9 ሲያሸንፉ ኦማር ሊናሬስ ብቻውን ሦስት ሆም ረን (ከሜዳ ውጭ የሚያርፍ ምት) መታ። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ውጤቱን በሬዲዮ ስሰማ ብድግ ብዬ ጮኽኩ፣ ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነበር።

ዝምታ፦

ይቅርታ፣ ለማላውቅ ሰው፦ ቤዝቦል ላይ 14 ለ 2 ብዙ ነው እንዴ? ክሪኬት ላይ 300 ይቆጠር የለ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

አባቴን ስጠይቀው "ብዙ ነው" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ቁጥር አይዋሽም፦

ጋሽ ቶሮንጃ እንዳይቀየሙኝ፤ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገሩት። ኩባ እነዚያን ዋንጫዎች ስትሰበስብ ማንን ነበር የምታሸንፈው? ከአብዮቱ በኋላ በ1961 ፕሮፌሽናል ስፖርት ቀረ ተባለና ተጫዋቾቹ በሙሉ "አማተር" ሆኑ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራቸው ቤዝቦል ነው፣ ያገሪቱ ምርጥ ምርጥም እነሱ ናቸው። አሜሪካ ደግሞ በዚያ ዘመን የምትልከው የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ) ሰዎች እዚያ ውድድር ላይ ዝር አይሉም። የኛ ሰፈር ቡድን ከታዳጊዎች ጋር ተጫውቶ 151 ጊዜ ቢያሸንፍ እኮ ሐውልት አንሠራለትም።

ነገሩ የተቀየረው በ1999 አካባቢ ነው። ፕሮፌሽናሎች ተፈቀዱ፣ የአሉሚኒየሙ ዱላ ቀርቶ እንጨት ሆነ። ወዲያው በ2000 ሲድኒ ላይ አሜሪካ በፍጻሜው 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ያ የአሜሪካ ቡድን ራሱ ኮከቦች የነበሩበት አይደለም፣ ገና ከታች ሊግ የተሰበሰቡ ልጆች ናቸው። ቤን ሺትስ የሚባል ወጣት ብቻውን ዘጠኙንም ኢኒንግ (የጨዋታውን ዙር በሙሉ) ወርውሮ ሦስት ምት ብቻ ነው የሰጣቸው። በ2004 አቴንስ ላይ ወርቁን አስመለሱ፣ እሺ። በ2008 ቤጂንግ ላይ ግን በኮሪያ 3 ለ 2 ተሸነፉ። የዓለም ዋንጫውም ቢሆን በ2007ና በ2009 በአሜሪካ፣ በ2011 በኔዘርላንድስ፣ ሦስት ፍጻሜ በተከታታይ ተሸንፈው ውድድሩ ራሱ በዚያው ተዘጋ። ወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ ላይ በ2017 እስራኤል ሳትቀር 4 ለ 1 አሸንፋቸዋለች። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሉም፤ ማጣሪያው ላይ በቬንዙዌላና በካናዳ ተሸንፈው ቀሩ።

ስለዚህ ጠያቂው ሆይ፣ አባትህ የሚያወራው ስለ አንድ ውድድር ነው፣ አንተ ያየኸው ሌላ ውድድር ነው። ስሙ ብቻ ነው አንድ።

ቶሮንጃ፦

ቁጥሩ እንደማይዋሽ አውቃለሁ፣ ግን መርጠህ ነው የጠራኸው። ባልቲሞርን ለምን ዘለልከው?

በ1999 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን ሀቫና ሄዶ 3 ለ 2 አሸነፈ፣ ያውም 11 ኢኒንግ ድረስ ተጎትቶ ነው። በግንቦት ወር ኩባዎቹ መልሱን ሊጫወቱ ባልቲሞር ሄዱ። የሜጀር ሊግ ቡድን፣ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት። 12 ለ 6 አሸነፉት። እነዚህም ተማሪዎች ነበሩ?

በ2006 የመጀመሪያው ቤዝቦል ክላሲክ ሲደረግ አሜሪካ በኩባ ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት መጀመሪያ ፈቃድ ከለከለቻቸው። የሚደርሰንን ገንዘብ በካትሪና አውሎ ነፋስ ለተጎዱ እንሰጣለን ብለው ነው በኋላ የገቡት። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሜጀር ሊግ ኮከቦች የተሞላችውን ዶሚኒካንን 3 ለ 1 አሸነፉ። አንድም የሜጀር ሊግ ተጫዋች የሌለው ቡድን ነው ይህን ያደረገው። ፍጻሜው ላይ በጃፓን 10 ለ 6 ተረቱ፣ እሱን አልክድም።

ዱላው አይደለም የጣላቸው ልጄ። ልጆቹ ናቸው ያለቁባቸው።

የማያሚ ሹፌር፦

እዚህ ላይ ልግባ። "ልጆቹ አለቁባቸው" የሚሉትን እኔ እዚህ በዓይኔ ነው የማየው፣ ማያሚ ታክሲ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። በኛ አባባል "ጠፉ" የምንለው ነው። ቡድን ለውድድር ይወጣል፣ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። የኛም ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች ስንቱ እንደዚያ ቀርቷል፣ ማብራሪያ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። የኩባው ግን ልክ የለውም። ሊቫን ኸርናንዴዝ በ1995 ጠፋ፣ በ1997 ከፍሎሪዳው ቡድን ጋር የወርልድ ሲሪየስ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) ኮከብ ተባለ። ወንድሙ ኤል ዱኬ እሱንም ሊከተል ነው ተብሎ ከጨዋታ ታገደ፤ በ1997 ማብቂያ ላይ በጀልባ ወጣና በ1998 ለኒውዮርክ ያንኪስ ይወረውር ጀመር። አሮልዲስ ቻፕማን በ2009 ለውድድር ኔዘርላንድስ ሄዶ ከሆቴሉ በር ወጥቶ መኪና ውስጥ ገባ፣ አለቀ። በ2021 ከ23 ዓመት በታች ቡድናቸው ሜክሲኮ ሄዶ ግማሽ ያህሉ ቀረ። ግማሽ!

ከሁሉ የሚያስቀኝ ደግሞ በ2023ቱ ውድድር ሜክሲኮን ግማሽ ፍጻሜ ካደረሱት አንዱ ራንዲ አሮዛሬና መሆኑ ነው። ኩባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ለሜክሲኮ ተጫወተ።

ለምን አይሄዱም ብላችሁ? ሜጀር ሊግ መጫወት የሚፈልግ ኩባዊ መጀመሪያ አገሩን ጥሎ ሦስተኛ አገር ነዋሪ መሆን ነበረበት፣ በማዕቀቡ ምክንያት። ብዙዎቹ በሕገወጥ አሻጋሪ እጅ ነው ያለፉት፣ እንደኛ የሊቢያና የየመን መንገድ በሉት። በ2018 መጨረሻ ተጫዋቾች በሕጋዊ መንገድ እንዲወጡ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ በ2019 የትራምፕ አስተዳደር ሰረዘው።

ያን 14 ለ 2 ግን አውቀዋለሁ። እሑድ መጋቢት 19 ቀን ነው በፈረንጅ። ስታዲየሙ ያለው ሊትል ሀቫና ውስጥ ነው፣ የስደተኛው ኩባዊ መንደር ልቡ ላይ። የዚያን ቀን አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ጫንኩ። ልጁ የአሜሪካን ማሊያ ለብሷል። እሳቸው ፌስታል ይዘዋል። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ከፌስታሉ አንድ ሰማያዊ ኮፍያ አወጡ፣ ፊት ለፊቱ ላይ C የሚል ፊደል አለው፣ የኩባ ቡድን ኮፍያ ነው። ትንሽ አገላበጡት። በመስኮቱ ሰልፈኛውን አዩ፣ "ነጻነት" እያለ የኩባን መንግሥት የሚቃወም ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ኮፍያውን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። ሳያደርጉት ወረዱ።

ጨዋታውን በስልኬ ነው የተከታተልኩት። ኩባ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበረች፣ ቤዞቹን በሙሉ ሞልታ 1 ለ 0 መራች። ከዚያ ጎርፍ ነው የመጣው፣ የአሜሪካው ትሬይ ተርነር ብቻውን ሁለት ሆም ረን። በመሀል በመሀል ደግሞ ሰው መፈክር ይዞ ሜዳ እየገባ ጨዋታው ይቆማል። ሲያልቅም ከቡድኑ አንድ ረዳት አልተመለሰም፣ እዚሁ ቀረ። ታዲያ በዚህ ሁኔታ ግማሽ ፍጻሜ መድረሳቸው አያስገርምም?

ቁጥር አይዋሽም፦

ያስገርማል፣ አልካድኩም። እንዲያውም ያ ዓመት ለየት ያለ ነበር። አሜሪካ ፈቃድ ሰጥታ ሞንካዳና ሉዊስ ሮበርት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜጀር ሊግ ለኩባ ተጫወቱ። "ቲም አሴሬ" ነበር የሚባሉት። የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታቸውን ተሸንፈው ነበር እኮ! ምድቡ ውስጥ አምስቱም ቡድኖች ሁለት አሸንፈው ሁለት ተሸነፉና በነጥብ ስሌት አንደኛ ሆነው አለፉ። ከዚያ አውስትራሊያን 4 ለ 3።

ባልቲሞርንም እቀበላለሁ ጋሽ ቶሮንጃ። ኦሪዮልስ ያን ዓመት ደካማ ነበር ልል ነበር፣ ተውኩት።

ቶሮንጃ፦

ተወው፣ ተወው። አሴሬ ማለት "ጓዴ" እንደማለት ነው፣ የመንደር ቋንቋ። እኛ ስንናገረው መምህራኖቻችን ይቆጡን ነበር፣ አሁን የብሔራዊ ቡድን ስም ሆነ!

ሹፌሩ፣ የሽማግሌው ኮፍያ ነገር አንጀቴን በላው። እኔም ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት በትግላችን ሐውልት ባለፍኩ ቁጥር የኩባ ወታደሮቹን ምስል ቆም ብዬ አያለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ስለዚያ ዘመን ምን እንደሚያስብ አላውቅም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ቶሮንጃ፣ እርስዎ የጻፉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ዱላውን ይዘው ስለመሮጣችሁ ስደርስ ሳቀ፣ ከመጣ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የትኛው ትምህርት ቤት እንደነበሩ እንድጠይቅዎት አዞኛል፣ በግል መልእክት እጽፍልዎታለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን አለው። አትላንታ ላይ ሊናሬስ የመታው ሦስት ሳይሆን አራት ነው ይላል። ከፍቼ አሳየሁት፣ ሦስት ነው። ስልኩን አየት አደረገና ወደ ቲቪው ዞረ። እራቱን ግን በላ።