ለተፈናቃዮች ፒኤችኪው-9፦ ትርጉሙ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦
ጥናቱ አንትሮፖሎጂ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ግጭት ሸሽተው በመጠለያ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ፒኤችኪው-9 (የድብርት ምልክቶችን የሚለካ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ) በቋንቋቸው ተተርጉሟል፤ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎምም ከዋናው ጋር ገጥሟል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘውን «ድብርት አለበት» ብሎ መመዝገብ ይቻላል?

መልስ 1፦
አይቻልም። እስቲ ነጥቡን ያስሉት። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይይዛል፤ ጠቅላላው 27 ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ የሚጠይቁት እንቅልፍን፣ ድካምንና የምግብ ፍላጎትን ነው። በተጨናነቀ ድንኳን የሚያድርና ራሽን የማይበቃው ሰው በእነዚህ ብቻ 9 ሊደርስ ይችላል፤ ሐሳብ መሰብሰብ ካቃተውማ 10 ሞላ። በተለይ «የምግብ ፍላጎት ማጣት» እና «ምግብ ማጣት» በትርጉም ይምታታሉ። የየጥያቄውን ነጥብ ለየብቻ ይያዙ፤ በሦስቱ ላይ «ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል?» ብለው መልሱን በራሳቸው አነጋገር ይጻፉ። መጠይቁ ማጣሪያ ነው፤ ሕመሙን የሚለየው የባለሙያ ምርመራ ነው።

መልስ 2፦
መልሶ መተርጎም የሚፈትነው ተርጓሚዎቹን ነው፤ መላሹ ምን እንደገባው አይነግርዎትም። ከ5 እስከ 10 ለሚሆኑ ሰዎች ጥያቄውን አንብበው «በራስዎ አባባል ምን ተጠየቁ?» ይበሏቸው። ከዚያም በፊት ግን ከ20 እስከ 30 ሰው ዘንድ ነጻ ዝርዝር (የመጣላቸውን ሁሉ በራሳቸው ቃል የሚዘረዝሩበት) ይሰብስቡ፦ «እዚህ ያሉ ሰዎች ምን ምን ይቸግራቸዋል?» ሕመም የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ፤ ካነሱት ሁሉም ስለ ክሊኒክ ያወራል። «ሐሳብ ማብዛት» የሚል ዓይነት አገላለጽ በብዙ አገር አለ፤ ከድብርት ጋር ቢደራረብም አንድ አይደለም። አንድ ባህል ያበጀውን የሕመም ምድብ ሌላው ዘንድ ሳይፈትኑ መቁጠርን የአእምሮ ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ክላይንማን በ1977 እ.ኤ.አ. የምድብ ስሕተት ያለው ይህንኑ ነው።

መልስ 3፦
ለነጻ ዝርዝሩ 30 ሰው ግዴታ አይደለም፤ አዲስ ነገር መምጣቱ ሲቆም ይቁም።

የሚያሳስበው አስተርጓሚው ነው። ከተሳታፊው ጋር በግጭቱ ተቃራኒ ወገን ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ከሆነ፣ መልሱ ይሸፈናል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎችም ጥናቱ ውሳኔውን የሚነካ ይመስላቸዋል፤ አንዱ ያጋንናል፣ ሌላው ይደብቃል። እንደማይነካ በስምምነት ቅጹ ላይ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይነገራቸው።

ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻላል ስለሚል ወይም ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ አለን የሚሉትን ማን እንደሚቀበላቸው፣ በምን ሰዓት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚያደርሳቸው ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ምስጢር እንደማይጠበቅም አስቀድሞ ይነገር። ፒኤችኪው-8 ይህን ጥያቄ ትቶታል፤ ጠቅላላው 24፣ መቁረጫው ያው 10 ነው። ግን ጥያቄው ቢወጣም ተሳታፊው ራሱ ሊያነሳው ስለሚችል ዝግጅቱ አይቀርም።