የፓጄት በሽታ ሕክምና ሠርቶ ሳለ የዳሌ ሕመም ለምን ይቀራል?

ጠያቂ፦
የ72 ዓመቷ እናቴ በቀኝ ጭን አጥንታቸውና በዳሌያቸው ላይ የፓጄት የአጥንት በሽታ አለባቸው። ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር ከተሰጣቸው በኋላ ከፍ ብሎ የነበረው አልካላይን ፎስፋቴዝ (በደም ውስጥ የሚለካ፣ የበሽታውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ኢንዛይም) ወደ ጤናማ መጠኑ ተመልሷል፤ ሌሊት ይቀሰቅሳቸው የነበረው ሕመምም ለቋቸዋል። ሆኖም ከወንበር ሲነሡና ደረጃ ሲወጡ ብሽሽታቸውን ይወጋቸዋል፤ ጫማቸውን ለማሰር ማጎንበስም ከብዷቸዋል። መድኃኒቱ ሊደገምላቸው ይገባል?

ምላሽ 1፦
እንደገለጹት ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን የሠራ ይመስላል። በፓጄት በሽታ አጥንትን የሚያፈርሱት ሕዋሳት ከልክ በላይ ስለሚሠሩ አዲሱ አጥንት በጥድፊያና ያለ ሥርዓት ይገነባል፤ በዚህም ይወፍራል፣ ይጎብጣል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። የጎበጠ የጭን አጥንት የሰውነትን ክብደት በመገጣጠሚያው ላይ አስተካክሎ ስለማያሳርፍ፣ ከካርቲሌጁ (በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ ከሚሸፍነው ልስልስ ንጣፍ) ሥር ያለው አጥንትም ቅርጹን ስለሚለውጥ፣ ካርቲሌጁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄድና ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ይከተላል። መድኃኒቱ የአጥንቱን መፍረስ ይገታል እንጂ ያለቀውን ካርቲሌጅ አይመልስም፤ ስለዚህ ኢንዛይሙ ጤናማ ሆኖ ሳለ ለዚህ ሕመም ሲባል መድኃኒቱን መደጋገም ብዙም አይፈይድም።

በዕረፍትና በሌሊት የሚሰማው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንቱ፣ በእንቅስቃሴ የሚብሰው ደግሞ ከመገጣጠሚያው ይመጣል። የዳሌ ራጅ የመገጣጠሚያው ክፍተት መጥበቡን ያሳያል።

ምላሽ 2፦
በተግባር ሁለቱን ሕመሞች መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉና። ራጁ ካልለየው ሐኪሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ወግቶ ሕመሙ ለጊዜው ይጠፋ እንደሆነ ሊያይ ይችላል። የእግሮቻቸው ርዝመትም ይለካ፤ የጎበጠው እግር ካጠረ ጫማ ውስጥ የሚገባ ማካካሻ ጥሩ እፎይታ ይሰጣል። ምርኩዙን በግራ እጃቸው ይያዙ፤ በታመመው በኩል መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ሕመሙ ከጠናባቸው መገጣጠሚያውን በቀዶ ሕክምና መቀየር ይቻላል?

ምላሽ 1፦
ይቻላል፤ ብዙዎችም በውጤቱ ይደሰታሉ። የታመመው አጥንት ደም ስለሚበዛበት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሊደማ ይችላል፤ ጉብጠቱም አስቀድሞ መለካት ስላለበት ይህን በሽታ የሚያውቅ ሐኪም ይምረጡ። እስከዚያው ግን ሕመሙ በድንገት ቢበረታ ወይም እግሩን መርገጥ ቢያቅታቸው፣ ስብራት ወይም እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የአጥንት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያሳዩአቸው።