የሰፈራችን የእግር በር ስንት ሰዓት ይከፈት፣ ስንት ሰዓት ይዘጋ?

የኮሚቴ ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰፈራችን ረጅም ቅያስ ነው። በአስፋልቱ በኩል መኪና የሚገባበት ትልቅ በር አለ፣ ዘበኛውም እዚያ ነው የሚያድረው። በጀርባ በኩል ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ገበያው የሚያወጣ የእግር መተላለፊያ አለን። ሌባ አላስቀምጥ ሲለን፣ የውሃ ቆጣሪ ሳይቀር እየነቀለ ሲወስድ፣ ገንዘብ አዋጥተን በጀርባው መተላለፊያ ላይ የላሜራ በር አስበየድን። በበሩ ማንም አልተጣላም፤ ጠቡን ያመጣው ሰዓቱ ነው። ዕድሩ «ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት» ብሎ ወሰነ። ኪዳን የሚሄዱ እናቶች 11 ሰዓት ላይ በሩ ሥር ቆመው ያንኳኳሉ። የማታ ተማሪዎች ያን ሁሉ መንገድ በአስፋልቱ ዞረው ይገባሉ። ቁልፉን ይዘው የነበሩት የበሩ ጎረቤት «እናንተን ስከፍትላችሁ ልደር?» ብለው መለሱት። አሁን ግማሹ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁን ይላል፣ ግማሹ ጭራሽ ይታሸግ ይላል። የእኛ ነዋሪ ያልሆኑ የኋላ ሰፈር ሰዎችም በዚያው ያልፋሉ። እናንተ ሰዓቱን በምን ቆረጣችሁት? ቁልፉስ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

የቡሬ ልጅ፦
ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ቁጠሩ። ሁለት ወጣቶች ደብተር ይዘው አንድ ሳምንት በሩ ላይ ይቀመጡ፣ እሑድና የገበያ ቀን ግን እንዳያመልጣቸው። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ቀን ላይ በሩ ክፍት መሆኑን የሚቃወም የለም። ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋት 1፣ ከዚያ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። ስም አይጻፍ፣ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ ብቻ። እኛ ሰፈር በስብሰባ ላይ ብዙ የጮኹት በበሩ የማያልፉት ነበሩ፤ በየቀኑ የሚያልፉት ደግሞ ስብሰባውን አልሰሙም።

ተረኛ ነርስ፦
የቡሬ ልጅ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርህ ላይ ልጨምር። ዕድር ሲሰበሰብ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። በሌሊት የሚገባና የሚወጣው ግን አብዛኛው ተከራይ ነው፤ የሆስፒታል ተረኛ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ በሌሊት አውቶቡስ ተራ የሚሄድ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ። እኔ የምኖርበት ግቢ ባለቤትየው በ2 ሰዓት እራታቸውን በልተው ይተኛሉ፤ ለእሳቸው 1 ሰዓት በቂ ነው። ወንድምዓለም፣ ተከራዮችን ካልጠራችሁ ያወጣችሁት ሰዓት አንድ ሳምንት አይቆይም፤ አንዱ ድንጋይ አስደግፎ ከፍቶት ያድራል። የተዘጋ መስሏችሁ ተኝታችሁ ተከፍቶ ማደሩ ደግሞ በር ከሌለው ይብሳል።

ብየዳ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
የሰዓቱን ጉዳይ ለእናንተ ልተወው። እኔ የምጠይቀው፣ በሩ አሁን በምንድን ነው የሚቆለፈው? በጓጉንቸር ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ጓጉንቸር ከውጭ ከተቆለፈ ውስጥ ያለው ሰው እሳት ቢነሳም፣ ሴት ምጥ ቢይዛትም ባለቁልፉን ፍለጋ ይሮጣል። ከውጭ በቁልፍ ብቻ የሚከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በእጅ የሚዞር የግቢ በር ቁልፍ አስገቡለት። ያን ጊዜ ከጠባችሁ ግማሹ ያልቃል፤ የሚወጣ ሰው በማንኛውም ሰዓት ይወጣል፣ ሰዓት የሚያስፈልገው ከውጭ ለሚገባው ብቻ ይሆናል። ኪዳን የሚሄዱት እናቶች ማንንም አይቀሰቅሱም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በሩ ፍርግርግ ያለው ከሆነ ከውጭ እጅ አስገብቶ የውስጡን ማዞሪያ መያዝ ይቻላል፤ ዙሪያውን በላሜራ አስሸፍኑት። ደግሞ ሞላ አድርጉበት፣ ወይም ማጠፊያውን ትንሽ አዘንብሎ የሚበይድ ሰው ፈልጉ፤ በሩ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይዘጋል። በራሱ የማይዘጋ በር ላይ የሰዓት ሰሌዳ መለጠፍ ቀለም ማባከን ነው። መዝጊያው ከጉበኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አጣብቁበት። ቁልፉን የመለሱት ሰውዬ የተማረሩት ከመክፈቱ ይልቅ በላሜራው ጩኸት ይመስለኛል።

ሰንበት ተማሪ (ደጀን)፦
የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ ካልሠራችሁት በየበዓሉ ትጣላላችሁ። የዘወትሩ ኪዳን ነው፤ ለእሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይበቃል። እሑድ ቅዳሴው ቀድሞ ስለሚገባ 10 ሰዓት በሉት። የሁዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ በሩን አይነካውም። የሚነካው ማኅሌት የሚቆምበት ሌሊት ነው፦ የልደት፣ የጥምቀት፣ የትንሣኤ፣ የእናንተም የማርቆስ በዓል ሚያዝያ 30። ለፍልሰታ ሰዓታት፣ ለሌሊቱ ጸሎት ማለት ነው፣ የሚሄዱም አሉ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። በእነዚህ ሌሊቶች በሩ ክፍት ይደር፣ አንድ ሰውም በተራ ይጠብቅ። ልደት በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል አትርሱ፤ ሰሌዳ ላይ 29 ብላችሁ ጽፋችሁ በዚያ ዓመት እናቶችን ውጭ እንዳታስቀሯቸው።

እታለም፦
ሙስሊም ጎረቤት የላችሁም? ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ የሚወጡት ከኪዳን ሰዎች ጋር በአንድ ሰዓት ነው የሚተላለፉት፤ እኛ ሰፈር በሩ ላይ ሰላም የሚባባሉት እነሱ ናቸው። በረመዳን የማታው ሶላት፣ ተራዊህ፣ ስላለ ማታ አንድ ሰዓት ብታራዝሙ መልካም ነው። ደግሞ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ የሚወጣ ሰው አለ፤ ፈረቃውን ዕወቁት።

የባህር ዳሩ፦
እኔ ሌላ ነው የምለው። የኋላ ሰፈር ሰዎች በሩ ሳይኖር ያልፉበት የነበረ መንገድ ነው። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ያ መተላለፊያ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ሆኖ መመዝገቡን ጠይቁ። መንገድ ከሆነ ሰዓቱን የመወሰን ሥልጣን የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በቀበሌው በኩል ፈቃድ ያስፈልጋል። መንገድ ባይሆንም እንኳ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ የሌለው ወይም በቂ መውጫ የሌለው ሰው ከጎረቤቱ መተላለፊያ መጠየቅ ይችላል ይላል። ጥያቄ ያቀረባችሁት ስለ ሰዓት ነው፤ ክስ የሚመጣው ግን በዚህ በኩል ነው።

የቡሬ ልጅ፦
ለኋላ ሰፈር ሰው ቁልፍ ከተሰጠማ በሩ ምኑን በር ሆነ?

የባህር ዳሩ፦
ቁልፍ ስጡ አላልኩም። ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ለማንም ክፍት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ለነዋሪ ብቻ። ሌሊት ሌላ መንገድ አላቸው አይደል? ግን ከመወሰናችሁ በፊት ከእነሱ አንድ ሽማግሌ ጠርታችሁ አማክሯቸው። ያልተማከረ ጎረቤት በሩን ባይሰብረውም ሲሰበር ዝም ብሎ ያያል።

የኮሚቴ ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የብየዳ ቤት ሐሳብ አልታሰበንም ነበር፤ የእኛ ጓጉንቸር ነው። የቁልፉ ብዛት ግን ያስፈራኛል፤ ለተከራይ ሁሉ ከተሰጠ ከተማው ሁሉ ይቀዳዋል።

ብየዳ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
ይቀዳል። ቁልፍ ቀራጭ በየጥጉ ባለበት አገር መቆጣጠር አትችሉም። ለየቤቱ በፊርማ ስጡ፣ ተከራይ ሲለቅ ባለቤቱ ይቀበል። በዓመት አንዴ፣ ወይም ቁልፍ ጠፋ ሲባል፣ ሲሊንደሩን፣ ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል፣ ብቻ ቀይሩ፤ በሩ አይነካም። ወጪው በዕድሩ መዋጮ ላይ አስቀድሞ ይያዝ። በቁጥር የሚከፈተው ጓጉንቸር ቢያምራችሁም ቁጥሩ በሁለተኛው ቀን የሰፈር ወሬ ይሆናል፣ ክረምት ላይም ይዝጋል።

ጡረተኛ መምህር፦
ሰሌዳው ላይ «ከ11 እስከ 3» ብላችሁ እንዳትጽፉ። 11 የንጋት ነው የማታ? ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሞላ ወጣት ደግሞ ሌላ ነው የሚያነበው። «ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት» ብላችሁ በደንብ ጻፉ። የክረምትና የበጋ እያሉ ሁለት ሰሌዳ ማውጣትም አያስፈልግም፤ በእኛ አገር ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። በሩ ላይ ግን መብራት ይኑር፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የፀሐይ አምፖል ቢሆን ይመረጣል፤ ቁልፍ ቀዳዳውን የሚፈልግ ሰው በጨለማ ጀርባውን ሰጥቶ መቆም የለበትም። የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ደግሞ የእላፊው ሰዓት ይገዛል፣ ይህንንም በቃለ ጉባኤው አስገቡት።

ተረኛ ነርስ፦
የዕድሩ ጡሩንባ ነፊስ? ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ነው የሚዞረው። የሚኖረው በየትኛው በኩል ነው?

የኮሚቴ ጸሐፊ፦
ኧረ በኋላ ሰፈር ነው! ባለፈው ቀብር የበሩ ማዶ ቆሞ ነው የነፋው፣ የላይኛው ቤቶች አልሰማንም ብለው ነበር። ለእሱ አንድ ቁልፍ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ለስብሰባው ይዤ የምገባው ይህን ነው፤ ከንጋቱ 11 (እሑድ 10) እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት፣ ከዚያ ውጭ ከውስጥ በእጅ፣ ከውጭ በቁልፍ፤ የማኅሌት ሌሊቶች በስም ተዘርዝረው፣ ረመዳን እስከ 4፤ አንድ ወር ሙከራ። ተከራዮችን በየግቢው ዞሬ እጠራለሁ፣ ከኋላ ሰፈርም ሁለት ሽማግሌ። ማዘጋጃ ቤት ሰኞ እሄዳለሁ።

የባህር ዳሩ፦
ከስብሰባው በፊት ሂድ እንጂ።

ብየዳ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
ሞላውን ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ክብደት ለሻጩ ንገሩት። ለቀላል በር የተሠራው የእናንተን ላሜራ አይስበውም፤ ጠንካራው ደግሞ ለሕፃናትና ለአሮጊቶች አይገፋላቸውም። ካስገባችሁ በኋላ አንዲት አሮጊት በአንድ እጇ ገፍታ ትሞክርላችሁ፣ እሷ ካልቻለች ይላላ።