የድሮን በረራ ሎግ ከፎቶዎቹ ሰዓትና ከባሮሜትሩ ከፍታ ጋር አልገጥም አለኝ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ለተፋሰስ ልማት ካርታ የማነሳ ቀያሽ ነኝ። በአርዱፓይለት የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራውን ባለ አራት ሞተር ድሮኔን ትናንት ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ አስነስቼ 22 ደቂቃ ያህል ካበረርኩት በኋላ፣ ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ከሎጉ (ድሮኑ ራሱ ከሚይዘው የበረራ መዝገብ) ጋር ሳገናኝ የማይጣጣሙ ነገሮች ገጠሙኝ። የካሜራው ሰዓት በስልኬ የተሞላ ስለሆነ 3 ሰዓት ቀንሼ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ቀይሬዋለሁ፤ ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በጉልህ የሚታይበት ፎቶ 180 ሜትር ያህል ርቆ ቦረቦሩ ላይ ተቀመጠ። ስህተቱም ወደ አንድ አቅጣጫ አይደለም፤ ድሮኑ ወደ ምሥራቅ በሄደባቸው መስመሮች ፎቶዎቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ምዕራብ በተመለሰባቸው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ተንሸራተዋል። በተጨማሪም ድሮኑ በተነሳበት ሸራ ላይ መልሶ ቢያርፍም የባሮሜትሩ ከፍታ 2 ሜትር ይላል፤ ሎጉ 412 የፎቶ ትዕዛዝ መዝግቦ ሳለ ካርዱ ላይ ያሉት ፎቶዎች 408 ብቻ ናቸው። የሎጉን ሰዓት በኤክሴል ያሰላሁት ራሴ ነኝ፤ የተነሳሁትም ከጂፒኤሱ የሳምንት ቁጥርና ሚሊሰከንድ ነው።

መልስ 1፦
ወሳኙን ፍንጭ ራስዎ አይተውታል። የጂፒኤስ ቦታ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ፎቶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን በተንሸራተቱ ነበር፤ በየመስመሩ አቅጣጫ መገለባበጣቸው ግን ስህተቱ የሰዓት መሆኑን ያሳያል። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከጥር 6 ቀን 1980 ጀምሮ ያለ ማስተካከያ ይቆጥራል፤ የዓለም አቀፉ ሰዓት ግን ሊፕ ሰከንድ (ከምድር ዙረት ጋር እንዲጣጣም አልፎ አልፎ የሚታከል አንድ ሰከንድ) ሲጨመርበት ቆይቷል፤ የመጨረሻው የተጨመረውም በ2016 ማብቂያ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ጂፒኤስ ዛሬ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። በሰከንድ 10 ሜትር በረው ከነበረ 18 ሰከንድ ማለት ያ 180 ሜትር ነው። በኤክሴል ካሰሉት ሰዓት ላይ 18 ሰከንድ ይቀንሱ። በዚሁ አጋጣሚ፣ ካሜራው በሀገራችን አቆጣጠር የተሞላ ቢሆን ኖሮ 3 ሰዓት መጨመር እንጂ መቀነስ አይገባም ነበር፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ተሳስተናል።

መልስ 2፦
ስለ ከፍታው ልጨምር። ባሮሜትር ከፍታን የሚገምተው ከአየር ግፊት ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ግፊቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በየቀኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። ግፊት ሲወርድ ድሮኑ መሬት ላይ ቆሞም ከፍ ያለ ይመስለዋል። በባሕር ወለል የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ለውጥ 8 ሜትር ያህል ሲሆን በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን ወደ 11 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ በቀትር በረራ 2 ሜትር መዛነፉ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አያሰኝም። ፀሐይ ያሞቀው ሴንሰርም ይዛነፋልና ድሮኑን ከማስነሳትዎ በፊት ባትሪውን ሰክተው ጥላ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ለካርታው ከፍታ ግን ባሮሜትሩን ፈጽሞ አይመኑት፤ መሬት ላይ የተለኩ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ያስፈልግዎታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 18 ሰከንዱን ስቀንስ ጣሪያው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሆኖም የአንድ ሰከንድ ያህል መዛነፍ ቀርቷል፤ የአራቱ ፎቶዎች ጉዳይም አልተፈታም።

መልስ 3፦
በእጅ የተሞላ የካሜራ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ትክክለኛነት አይሰጥም። ካሜራዎ ብልጭታ የሚሰካበት ቦታ ካለው ከዚያ ወደ አውቶፓይለቱ (የድሮኑ በረራ መቆጣጠሪያ) ገመድ ያስገቡ፤ ያን ጊዜ ሎጉ «ትሪግ» በሚለው መስመር ትዕዛዙን፣ «ካም» በሚለው ደግሞ ፎቶው በእርግጥ የተነሳበትን ቅጽበት ለየብቻ ይመዘግባል። ለአሁኑ በረራ በተከታታይ ፎቶዎች መካከል ያለውን ጊዜ ያስሉ፤ 2 ሰከንድ የነበረው ድንገት 4 የሚሆንበት ቦታ ካሜራው ትዕዛዙን ያልፈጸመበት ነው። ይህን ሳያጣሩ በቁጥር ተራ ብቻ ካያያዟቸው፣ ከመጀመሪያው ክፍተት በኋላ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ የሌላ ፎቶ ቦታ ይወስዳሉ።

ጠያቂ፦
አራቱንም ክፍተቶች አገኘኋቸው፤ ሦስቱ ድሮኑ በሚዞርበት የመስመር ጫፍ፣ አንዱ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ናቸው። የአፋፉን ፎቶ ካርታው ስለሚፈልገው ያንን መስመር ብቻ ነገ ጠዋት ደግሜ አበርራለሁ።