የውጭ ሀገር የትምህርት ሥርዓቶችንና የማስረጃ ምዘናን ለማጥናት የምርምር ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን በድኅረ ምረቃ የቅበላ ኮሚቴ ውስጥ ስለማገለግል፣ ከሕንድ፣ ከሱዳንና ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተገኙ ማስረጃዎች በየጊዜው ይቀርቡልኛል። የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ የአቻ ግምቱ ደብዳቤ ማስረጃው ከእኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን ቢያረጋግጥም፣ ባለማስረጃው በትምህርቱ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ መመዘኑ ለእኛ የሚተው ሥራ ነው፤ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከሕንድ የተመረቀ አመልካች ትራንስክሪፕት ግርጌ ላይ ጠቅላላ ውጤቱ 62 በመቶ፣ ደረጃውም አንደኛ ማዕረግ ተብሎ ተጽፏል። በእኛ የነጥብ አሰጣጥ 62 ሲ ፕላስ ስለሆነ በቅጹ ላይ 2.5 ተብሎ ይሞላና ሰውየው ከተወዳዳሪዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በብዙ የሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን 60 በመቶ የአንደኛ ማዕረግ መነሻ ነው፤ እዚያ 85 ማምጣት እዚህ 85 ከማምጣት ጋር አንድ አይደለም። ይህን የሚያስረዳ፣ አገር በአገርና ዘመን በዘመን የተዘጋጀ የአማርኛም ሆነ የእንግሊዝኛ መመሪያ በእጃችን ስለሌለ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት አንዱን ወረቀት ለየቅል ያነቡታል።

ይህንኑ ለማጥናት ለአንድ ድጋፍ ሰጪ ተቋም ፕሮፖዛል አቅርቤ ነበር፤ «ለአካባቢው ማኅበረሰብ ችግር ፈቺ አይደለም» በሚል ተመለሰልኝ። ጥናቱ አስፈላጊ መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ። ገንዘቡን ከየት መፈለግ፣ ሐሳቡንስ እንዴት አድርጎ ማቅረብ እንደሚሻል የምታውቁ ብታማክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ የቀድሞ የሬጅስትራር ባልደረባ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህር። ያነሡት ጉዳይ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሲያሳስበኝ የኖረ ነው።

በመጀመሪያ «ችግር ፈቺ አይደለም» ለሚለው መልስ የሚሆን የሕግ መሠረት እንዳለ ልጠቁምዎ። የአፍሪካ አገሮች በከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች እውቅና ላይ ያሻሻሉት ስምምነት የጸደቀው በእኛው ዋና ከተማ በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ሲሆን በ2019 መጨረሻ ሥራ ላይ ውሏል። ዩኔስኮ በ2019 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከማርች 2023 ጀምሮ ይሠራበታል። የእነዚህ ስምምነቶች አስኳል ሐሳብ፣ በሁለቱ ማስረጃዎች መካከል መሠረታዊ ልዩነት መኖሩ እስካልታየ ድረስ እውቅና መስጠት ይገባል የሚል ነው። እንግዲህ የሚከለክለው ወገን ልዩነቱን ማሳየት ካለበት፣ የዚያን አገር ሥርዓት ሳያጠና በምን ያሳያል? ጥናት በሌለበት የሚደረግ ምዘና፣ አመልካቹን ቢጠቅምም ቢጎዳም፣ ግምት ብቻ ነው። ፕሮፖዛልዎን ከዚህ ቢጀምሩት ገምጋሚው በቀላሉ ወደ ጎን አያደርገውም።

ሁለተኛው ምክሬ ወሰኑን ያጥብቡት የሚል ነው። «የውጭ ሀገር የትምህርት ሥርዓቶች» የሚል ርእስ ማንም ገንዘብ አያወጣበትም። አንድ አገር፣ አንድ የትምህርት ደረጃ፣ አንድ ዘመን ይምረጡ። በተለይ ባሕር ዳር ላይ የሶቪየቱ ዘመን ቅርብ ነው፤ ፖሊቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው በሶቪየት ትብብር ነበርና፣ በኋላም ወደዚያ ሄደው የተማሩ ብዙ ናቸው። የሶቪየት ዲፕሎማ አባሪ ላይ የትምህርቶቹ ስም፣ የሰዓታቸው ብዛትና ከ5 የሚሰጠው ውጤት ይገኛል እንጂ የክሬዲት ቁጥር የለበትም። አንዳንዱ ትምህርት ቁጥር እንኳ ሳይሰጠው «አልፏል» ተብሎ ብቻ ይመዘገባል። ይህን ወደ 4 ነጥብ የሚለውጠው ሰው ስልቱን ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ መልስ የለውም።

ምላሽ፦ የደጀን ልጅ፣ አሜሪካ የምኖር

መምህር፣ በዚህ አገር የማስረጃ ምዘና ሥራ ላይ ስለተሰማራሁ ስለ ገንዘቡ ምንጭ ጥቂት ልበል።

አሜሪካ ውስጥ የውጭ ማስረጃ የሚመዝን የፌደራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ሥራው በግል ተቋማትና በራሳቸው በዩኒቨርሲቲዎቹ የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታዋቂ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1987 በተመሠረተው ናሴስ በተባለው ማኅበር ታቅፈዋል። ገቢያቸው አመልካቹ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ እያንዳንዱ አመልካች የሚከፍለው ለራሱ ሪፖርት እንጂ ስለ አገሩ የትምህርት ሥርዓት ለሚያዘው ሰነድ አይደለም። ብዙ አመልካች የሚመጣባቸው የሕንድና የቻይና ሰነዶች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ አመልካቹ ጥቂት የሆነበት አገር ግን ለዓመታት ያው በነበረበት ይቀራል። ጀርመን በተለየ መንገድ ሄዳለች፤ የክልሎቿ የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ በሕዝብ ገንዘብ ማእከል አቋቁሞ፣ አናቢን የተባለውን የመረጃ ቋት ማንም በነጻ እንዲያየው ክፍት አድርጓል። በእኔ እምነት ለአገራችን የሚስማማው ይህኛው መንገድ ነው፤ የአገር ፋይል የጋራ ንብረት እስከሆነ ድረስ ወጪውን በእያንዳንዱ አመልካች ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

ለእርስዎ ጥያቄ በቀጥታ የሚሆን አንድ ተቋም ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1969 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ኤዱኬሽን ሪሰርች ፋውንዴሽን በመሥራቹ ስም ሴፕማየር የተባለ የምርምር ድጋፍ ያለው ሲሆን፣ ዓላማውም የዓለም የትምህርት ሥርዓቶችንና የማስረጃ ምዘናን ማጥናት ነው። የወቅቱን ጥሪና መስፈርት ከራሱ ከተቋሙ አረጋግጠው ያመልክቱ። ሌላው መንገድ የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ፕላስ የአቅም ግንባታ ፕሮጀክቶች ናቸው፤ እነዚህ ግን ከበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ጥምረት መፍጠርን ስለሚጠይቁ ለብቻዎ የሚሞክሯቸው አይደሉም።

ምላሽ፦ የመምህራን ትምህርት አሠልጣኝ፣ እንጅባራ

ለሁላችሁም አክብሮቴ ይድረሳችሁ። እኔ ግን ቀዳሚው ገንዘብ የራሳችንን ሥርዓት ሰንዶ ለውጭ መዛኞች ለማቅረብ መዋል አለበት እላለሁ።

ምክንያቴ ይኸውላችሁ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በፊት ተማሪ ማትሪክ የሚፈተነው 12ኛ ክፍል ሲጨርስ ነበር። ከፖሊሲው በኋላ ብሔራዊ ፈተናው 10ኛ ክፍል ላይ ሆነና 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባሉ፤ ብዙ የዲግሪ ፕሮግራሞችም ከ4 ወደ 3 ዓመት ወረዱ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ1ኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ዲግሪው እንደገና 4 ዓመት ሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ታከለበት። እኛ ጋ ዲፕሎማ የሚለውን ቃል ብቻ ብትወስዱ፣ በ12+2 የተመረቀውም በ10+3 የሠለጠነውም በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለት የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን በእጃቸው ዲፕሎማ ይዘው ውጭ ቢያመለክቱ፣ አንዱ 12ኛን ጨርሶ ሌላው 10ኛን ጨርሶ እንደገባ የሚነግረው ሰነድ ከሌለ መዛኙ በምን ይለያቸዋል?

ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤቶች የወጣ ሊቅማ ጨርሶ አይታሰብም። ስንት ዓመት ዜማ፣ ስንት ዓመት ቅኔ እንደቆየ የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ ምስክርነቱም ለዘመናት በቃል ሲሰጥ የኖረ ነው። ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ስለ ማስረጃ የሚያጠና ሰው ይህን ቢተወው ያሳዝነኛል፤ የትኛውም የሎስ አንጀለስ ወይም የበርሊን ተመራማሪ ሊሠራልን አይችልምና።

ምላሽ፦ ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእንጅባራው ወንድማችን ያሉት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን በአንድ ፕሮፖዛል ካጨናነቅኋቸው ሁለቱም ይወድቃሉ ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን በሕንድ የ3 ዓመት ዲግሪዎች ውጤት አነባበብ ላይ ወስኜ፣ የ12+2ና የ10+3 ዲፕሎማን ጉዳይ ለብቻው በዩኒቨርሲቲያችን ዓመታዊ የምርምር በጀት አቀርበዋለሁ፤ ለእርሱ ከመዝገብ ቤት ፎቶ ኮፒና ከአበል ያለፈ ወጪ አያስፈልገውም። ሱዳንን ለጊዜው አቆየዋለሁ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከተነሣ ወዲህ ለማረጋገጫ የምንጽፈው ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ከዐረብኛ ለማስተርጎም የሚጠየቀውም ዋጋ ቀላል አይደለም።

ከባሕር ዳሩ ታላቄ አንድ ነገር ልለምን። በሶቪየት ዘመን ተምረው ጡረታ የወጡ መምህራን ዘንድ የዲፕሎማ አባሪ ካለ፣ ስሙና ፎቶግራፉ ተሸፍኖ ኮፒው ይሰብሰብልን፤ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ የትኛው ትምህርት በፈተና፣ የትኛው «አልፏል» ተብሎ ብቻ እንደተመዘገበ ሊያስረዱን ይችላሉ። የፖስታውን ወጪ እኔ እችላለሁ።