ክሮምን ዘግቼው አልዘጋ አለኝ፤ የአንዱ ደንበኛ ኢሜይል ለሌላው እየታየብኝ ነው

ኮፒ ቤቷ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ሦስት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን። ደንበኞቼ ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። ሲቪ ያስጽፋሉ፣ ፎርም ያስሞላሉ፣ ኢሜይል ያስልካሉ። አንዳንዱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ አንዳንዱ "እህቴ፣ አንቺው ጨርሺልኝ" ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል።

ችግሬ ክሮም ነው። ኤክሷን ስጫን መስኮቱ ይጠፋል፤ እሱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሠራል።

የነቃሁት በድምፅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የመመረቂያ ጽሑፍ እየጠረዝኩ ነበር። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ምንም አልተከፈተም፤ የምትታየው የሐይቁ ፎቶ ብቻ ናት። አንዲት እናት ፊቱ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ድንገት ስፒከሩ "ጢው" አለ። ስክሪኑ ጥግ ላይ "ዛሬም ልትቀር ነው አይደል? ግድ የለም" የሚል መልእክት ብቅ አለ። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡትና "ልጄ፣ ይሄ ለኔ ነው እንዴ?" አሉኝ። ለካ ከአንድ ሰዓት በፊት ቴሌግራም ከፍቶ ፋይል ያወረደ ጎረምሳ ነበር። ልጁ ሄዷል፣ ክሮም ተዘግቷል፣ ፍቅረኛው ግን እኔ ሱቅ ውስጥ ትወቅሰዋለች።

ታስክ ማናጀርን (ኮምፒውተሩ ላይ ምን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን) ከፍቼ ሳይ አንድም መስኮት ሳይኖር ጎግል ክሮም በቅንፍ 9 ይላል። ኮምፒውተሮቹ ባለ 4 ጊጋ ራም ናቸው። ዎርድ የሚንቀራፈፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ተማሪ ገና ክሮምን ከመክፈቱ ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ ጂሜይል ቦግ ብሎ ተከፈተ። ዲግሪው፣ የመታወቂያው ስካን፣ ሁሉም እዛው። ልጁ ጨዋ ነው፤ "ይሄ የኔ አይደለም" ብሎ ጠራኝ። ያልጠሩኝ ስንት እንደሆኑ ግን እግዜር ይወቅ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ደንበኛው ሲነሳ ኤክሷን ትቼ በቀጥታ ከታስክ ማናጀር "ኢንድ ታስክ" እለዋለሁ። ያኔ 9ኙም ይጠፋሉ። ግን የሐሙሱም ጉድ የመጣው እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ነው! አንድ ባለሙያ መጥቶ "ሦስቱም ፎርማት መደረግ አለባቸው" ብሎኛል። ዋጋውን ስሰማ እስቲ መጀመሪያ ልጠይቅ አልኩ።

ፒንሳ፦

ፎርማት እንዳታደርጊ! ገንዘብሽን ለወረቀት አውዪው።

መጀመሪያ 9 የሚለው ቁጥር አያስደንግጥሽ። ክሮም በፈረንጆቹ 2008 ሲወጣ ጀምሮ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰስ ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። አንዱ ዋናው ነው፣ አንዱ ምስሉን ያሳያል፣ ታቦቹ የየራሳቸው አላቸው፣ ኤክስቴንሽኖቹም (ክሮም ላይ የሚጨመሩት ትናንሽ ፕሮግራሞች) እንደዛው። አንዱ ታብ ሲሞት ሌላውን ይዞ እንዳይሞት ነው። ስለዚህ ክሮም ተከፍቶ 9 ቢሆን ጤነኛ ነው። ተዘግቶ 9 ሲሆን ግን የሱቁን መዝጊያ አውርደሽ ሠራተኞቹ ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው።

ያስቀራቸው ደግሞ ራሱ ክሮም ነው። ሦስቷን ነጥብ ተጫኚ፣ ሴቲንግ ግቢ፣ ከግራ በኩል ሲስተም የሚለውን ምረጪ። ክሮም ሲዘጋ ከኋላ የሚሠሩ አፖች ይቀጥሉ የሚል መቀያየሪያ ታያለሽ። አጥፊው። በታች ከሰዓቷ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስትም ጠቅ አድርጊ። የክሮም ምልክት እዛ ተደብቃ ከተገኘች ጥፋተኛው ይሄው ነው።

ቀጥሎ ኤክስቴንሽኖቹን እይ። የሕዝብ ኮምፒውተር ላይ ደንበኛ ምን እንደሚጭን አይታወቅም። የማታውቂውን ሁሉ አውጪ።

ስሜ አያስፈልግም፦

ቫይረስ ነው። እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ነበር።

ፒንሳ፦

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳያዩ አይፈረድም። ታስክ ማናጀር ላይ ክሮም የሚለውን በቀኝ ጠቅ አድርጊና ፋይሉ ያለበትን ቦታ ክፈቺ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ጎግል የሚል ፎልደር ውስጥ ከወሰደሽ ትክክለኛው ነው። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ከተጫነ አፕዳታ ውስጥም ይገኛል። ሌላ እንግዳ ፎልደር ከወሰደሽ ያኔ ስለ ቫይረስ እናወራለን።

የታቦር ጥላ፦

ሰላም እህቴ። እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ እሠራለሁ። ፒንሳ ያለው ልክ ነው፣ ግን የሐሙሱን ነገር አልነካውም። እውነቱን ልንገርሽ? የሐሙሱን ያመጣሽው ራስሽ ነሽ። አትቀየሚኝ።

"ኢንድ ታስክ" መዝጋት አይደለም፤ ማነቅ ነው። ክሮም ገጾች እንደተከፈቱ ሲታነቅ በአደጋ የወደቀ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ሲከፈት ከላይ በቀኝ በኩል "በትክክል አልተዘጋም፣ ገጾቹን ልመልስ?" የምትል ሳጥን ያመጣል። "ሪስቶር" የሚለው በተን እሱ ነው። ተማሪው ምኑንም ሳያይ ጠቅ ሲያደርገው የሰውዬው ጂሜይል ከነመግቢያው ተመለሰ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚመጣው ሳጥንም ይሄው ነው፤ ስንት ጊዜ አይተሽው ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ድረ ገጽ አንድ ሰው መግባቱን የሚያስታውሰው ኩኪ በምትባል ትንሽ ፋይል ነው። አንዳንዷ ኩኪ ብራውዘሩ ሲዘጋ እንድትጠፋ ተደርጋ የተሠራች ናት። ብራውዘሩ ካልተዘጋ ግን እሷም አትጠፋም። ሴቲንግ ውስጥ ሲከፈት ካቆምኩበት ቀጥል የሚለው ከተመረጠም ያው ነው። እሱንም ቀይሪው፤ አዲስ ታብ ይክፈት በይው።

ጂሜይል ግን ክሮም በደንብ ቢዘጋም አካውንቱን አይለቅም። ዋናው መድኃኒት ሎግ አውት ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ሎግ አውት አያደርግም። ስለዚህ በጌስት አስገቢያቸው። ከላይ በቀኝ የፕሮፋይሉን ክብ ስትጫኚ ጌስት የሚል አለ። የጌስት መስኮቶች ሲዘጉ ታሪኩም ኩኪውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል ግን ይቀራል። ማታ ማታ ዳውንሎድስ ፎልደሩን ባዶ አድርጊ፤ ስንት ሰው መታወቂያውን እዛ ጥሎ እንደሄደ ታያለሽ።

ኮፒ ቤቷ፦

አልተቀየምኩም ወንድሜ፣ ግን አፈርኩ። "ገጾቹን ልመልስ" የምትለዋን ሳጥን በቀን አሥር ጊዜ አያታለሁ፤ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም።

ዳውንሎድስን ከፈትኩት። 412 ፋይል። ሁለት የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የአንድ ሕፃን የክትባት ካርድ፣ "ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ እውነተኛ" የሚል ፋይል በሦስት ዓይነት። ሙሉ ማታ ሳጠፋ አመሸሁ።

ሲስተም ውስጥ ያለውን መቀያየሪያ ሦስቱም ላይ አጠፋሁ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ማን እንደጫናቸው የማላውቃቸው አራት ኤክስቴንሽኖች ነበሩ። አንዱ ኩፖን ፈላጊ ነው። አቶቴ ላይ ምን ኩፖን አለ? አወጣኋቸው። አሁን አንደኛውና ሁለተኛው ኤክሷን ስጫን ሁሉም ከታስክ ማናጀር ይጠፋል። ሦስተኛው ግን ያው ነው። እንደውም ጠዋት ኮምፒውተሩን እንዳበራሁት፣ ምንም ሳልነካ፣ አለ።

ፒንሳ፦

ስሙን አንብቢልኝ። ክሮም ነው ወይስ ኤጅ፣ የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር?

ኮፒ ቤቷ፦

ኧረ ኤጅ ነው! እኔ ምልክቷን አይቼ ሁሉንም ክሮም ነው የምለው።

ፒንሳ፦

ጠርጥሬ ነበር። የማይክሮሶፍት ኤጅ በፈረንጆቹ 2021 ስታርትአፕ ቡስት የሚባል ነገር አመጣ። ቶሎ ለመከፈት ብሎ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳና ከኋላ ተደብቆ ይጠብቃል። የኤጅ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ጋ ሂጂና አጥፊው። ኤጅ ሲዘጋ ኤክስቴንሽኖች ይቀጥሉ የሚለውም እዛው አጠገቡ ነው፣ እሱንም ጨምሪ። 4 ጊጋ ራም ላይ ማንም ተደብቆ መጠበቅ የለበትም።

ጠዋት ስታበሪ መስኮቱ ራሱ ተከፍቶ የሚጠብቅሽ ከሆነ ደግሞ እሱ ሌላ ነው። የዊንዶውስ ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ አፖችን መልሶ ክፈት የሚለውን አጥፊ።

ቡና በጠዋት፦

የኔ ፋየርፎክስ ነው። ስከፍተው "ቀድሞ ተከፍቷል፣ ግን መልስ እየሰጠ አይደለም" ይለኛል። ምንም የተከፈተ አላይም።

ፒንሳ፦

መስኮቱ ተዘግቶ ፕሮሰሱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ፕሮፋይሉንም ቆልፎ ይዟል። አንቺ ጋ "ኢንድ ታስክ" ችግር የለውም፤ የራስሽ ኮምፒውተር ነው። በየቀኑ ከመጣ ግን ኤክስቴንሽን ፈትሺ።

የታቦር ጥላ፦

ኮፒ ቤቷ፣ የሐሙሱን ሰውዬ ስልክ ካለሽ ደውዪለት። ጂሜይልን በኮምፒውተር ይክፈት፤ ከታች በቀኝ ጥግ በትናንሹ ዝርዝር የሚል አለ። እዛ ገብቶ በሌላ ቦታ የተከፈተውን ሁሉ ማስወጣት ይችላል። ፓስዎርዱንም ይቀይር።

ሌላ ዘዴ ልንገርሽ። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የክሮም ሾርትካት በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ግቢ። ታርጌት የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ፣ ከጥቅሱ ውጪ፣ አንድ ክፍተት ተዪ። ከዛ ሁለት ሰረዝ፣ ቀጥሎ ጌስት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ሳትለያዪ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ደንበኛው በዛ ምልክት ሲከፍት በቀጥታ በጌስት ይገባል። ለራስሽ ሥራ ሌላ ሾርትካት አስቀሪ፤ ግን ደብቂው።

ኮፒ ቤቷ፦

ለሰውዬው ደወልኩ። መጀመሪያ አጭበርባሪ መሰልኩት። ጂሜይልህ እኔ ጋ ተከፍቶ ነበር የምትል ሴት ብትደውልልኝ እኔም አላምናትም። በኋላ ራሱ ሱቅ ድረስ መጣ፤ የታቦር ጥላ ያልከውን አብረን አደረግን። ሦስት ቦታ ተከፍቶ ነበር፣ አንዱ የኔ። የቀሩትን ሁለቱን እሱም አያውቃቸውም፤ ፊቱ ሲቀየር አይቻለሁ። ሻይ ጋበዝኩት።

የጌስቱን ሾርትካት ሦስቱም ላይ አደረግሁት። የኤጁም ጠፋ፤ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ዎርድ አሁን ቶሎ ይከፈታል። ለፎርማት የተጠየቅኩትን ገንዘብ ቀለም ገዛሁበት።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሦስቱንም አስነስቼ ክሮምን ከፈትኩ። ሳጥን የለም፣ ሪስቶር የለም፣ ነጭ ገጽ ብቻ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል፣ ለፓስፖርት ፎርም ግማሽ ድረስ ሞልታ የነበረች ልጅ ፊቴ ቆማለች። "እህት፣ የሞላሁት የታለ?" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ቢያንስ ገጹ ይመለስላት ነበር። ከአንድ ብላ ጀመረች፣ እኔም ገንዘብ አልተቀበልኳትም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ርካሽ ያገለገለ ዩፒኤስ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ለአንድ ኮምፒውተርም ቢሆን።