አባቴ የመርሳት በሽታ ጀምሮታል፤ መኪና መንዳት ይችላል ወይ?

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ድሬዎች። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው፣ ገና ጅምር ላይ ነው ብሎናል። ኮሮላውን ግን አሁንም ይነዳል፤ ዘመድ ለመጠየቅ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ይሄዳል። ሰሞኑን የኋላው በር ላይ አዲስ ጭረት አየሁ፤ «ባጃጅ ነው» አለኝ። ቁልፉን እንቀማው ወይስ ገና ነው?

ነርሷ፦
እህቴ፣ የበሽታው ስም ብቻውን መኪና አያስቆምም። ጅምር ላይ ያሉ አንዳንዶች ለጊዜው በደህና ይነዳሉ፤ በሽታው ወደ መካከለኛ ደረጃ ከገፋ ግን በቃ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ታይሮይድ፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ተደርቦባቸው እንደሆነ አስመርምሩ። ዓይናቸውንም አሳዩ። ከ30 የሚታረመውን የማስታወስ ፈተና ብቻ አትመኑ፤ እሱን አልፎ አደባባይ ላይ ግራ የሚገባው አለ፣ ፊደል ያልቆጠረ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ወድቆ መሪ ላይ ደህና ይሆናል።

የመንጃ አሰልጣኝ፦
ጎናቸው ቁጭ ብለሽ እዪያቸው፣ ሳትናገሪ! «ፍሬን ያዝ፣ እዚህ ጋ ታጠፍ» እያልሽ ከሆነ የምትነጂው አንቺ ነሽ። ማርሽና ፍሪሲዮን የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፣ እሱ አያታልልሽ። የሚያስቸግረው ድንገተኛው ነው፦ ባጃጅ ከጎን ሲገባ፣ የለመዱት መንገድ ሲዘጋ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ ከፊት የሚመጣውን መኪና ርቀት መገመት። ነዳጅና ፍሬን ካምታቱ ወይም በገዛ ሰፈራቸው መንገድ ከጠፋባቸው ሌላ ፈተና አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን ያቁሙ። ደንገጎን ከአሁኑ ተዉት አቦ! ያን ጥምዝምዝ ከሲኖትራክ ጋር ጤነኛውም ይፈራዋል። ከተቻለ ባለሁለት ፍሬን የማሰልጠኛ መኪና ላይ ሌላ ሰው ያስነዳቸው፤ ልጅ በአባቱ ላይ መፍረድ ይከብደዋል።

የመጋላ ልጅ፦
ቁልፍ አትደብቁ። እኛ ቤት አባባ «መኪናዬ ተሰረቀ» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። የሰማው ሐኪሙ ራሱ «ከእንግዲህ አይነዱም» ብሎ በወረቀት ሲሰጠው ነው። የሚያውቀውን የባጃጅ ልጅ ኮንትራት ያዝንለት፣ ዓርብ መስጊድ ያደርሰዋል።

የሳቢያን ልጅ፦
ተባረኩ። ዛሬ አብሬው ወጣሁ። ከዚራ እስክንደርስ ምንም አላለም፣ አደባባዩ ላይ ግን ውስጥ ላለው ቅድሚያ ሳይሰጥ ገባ። ክላክስ ሲያደርጉበት «ምን ሆነው ነው?» ይለኛል። እስከ ቀጠሮው ወንድሜ ይነዳል። ሐኪሙ ይንዳ ቢልስ?

ነርሷ፦
ያየሽውን አንድ በአንድ ንገሪው፣ ጭረቱንም። ይንዱ ካለም በ6 ወር ውስጥ እንደገና ይታዩ።